በርና ደጅ

እንግሊዞች ሰው የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት ደስ ስለማይላቸው፣ የቤቱን ዶር፣ የግቢውንና የከተማውን ጌት ብለው ለይተው፣ በዚሁ ልዩነት የራሳቸውን ልጆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ልጆች ያስፈትናሉ። ፈተናው ከባድ አይደለም፤ ግድግዳ ላይ ያለው ዶር፣ አጥር ላይ ያለው ጌት የምትለዋን ይዞ የገባ ልጅ ያልፋል። በአውሮፕላን ማረፊያ፣ ጣራ ከላይ ተዘርግቶ ምንጣፍ ከታች ተነጥፎ ሳለ፣ አጥር የሚባል ነገር ባካባቢው ሳይታይ፣ መንገደኛውን «ወደ ጌት አራት ፍጠን» እያሉ የሚያዋክቡት እነርሱው ናቸው፤ ነገር ግን ሰው በገዛ ቋንቋው ንጉሥ ነውና በዚህ ከማንም ጋር ክርክር አልገጥምም። እኛ በበኩላችን ሁለቱንም በር ብለን ተገላግለናል። የጎጆው በር፣ የበረቱ በር፣ የቤተ መንግሥቱ በር እንላለን፤ ከደብረ ሲና በላይ ጉም የሚተኛበትንም የተራራ ማለፊያ፣ ማንም መዝጊያ ሳያበጅለት፣ ጣርማ በር ብለነዋል።

ይህን የሚሰማ የውጭ አገር ሰው አማርኛ ቃል ያጠረው ሊመስለው ይችላል። አማርኛ ግን በርን ከበር ለመለየት ያልደከመው፣ ድካሙን ሁሉ በርን ከደጅ ለመለየት ስላዋለው ነው። ሁለቱ ቃላት በጣም ከመቀራረባቸው የተነሣ፣ ዛሬ «በሩን ዝጋው» ያለችው እናት ነገ «ደጁን ዝጋው» ብትል ልጁ አይደናገርም፤ የሚዘጋው መዝጊያ አንድ ነው። ጠጋ ብሎ ለመረመራቸው ግን፣ በር የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ቁልፍ ያለው፣ ባለቤቱም የሚታወቅ ነገር ሲሆን፣ ደጅ ቁልፍ የሌለው፣ ሰው የሚቆምበት፣ የሚቀመጥበት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚጠብቅበት ስፍራ ነው። በር ቀለም ይቀባል፤ ደጅ ይጠረጋል። በር ይንኳኳል፤ ደጅ ይጠናል። «የቤት ቀጋ የደጅ አልጋ» ብለው ሚስቱን እያስለቀሰ ባዳውን የሚያስቀውን ሰው የተረቱበት አባቶች፣ ከቤት ጋር ያነጻጸሩት ደጅን እንጂ በርን አይደለም፤ በር ላይ የሚተኛ የለምና።

ይህን ልዩነት በዐይኑ ማየት የፈለገ ሰው ሐረር ይምጣ። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ያሠሩት፣ ዙሪያው ከሦስት ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች አሉት፤ በሐረር መስፍን ስም የሚጠራው ስድስተኛው፣ ከፈረስና ከአህያ ሌላ መኪና የሚባል እንስሳ ወደ አገራችን ከገባ በኋላ የተከፈተ ስለሆነ፣ ሽማግሌዎቹ ከቁጥር አያገቡትም። የጀጎል ሰው እኛ በር የምንለውን በሪ ይለዋልና፣ ሐረሪና አማርኛ በዚህች ቃል ላይ ያለ አስተርጓሚ ይገናኛሉ። በስሞቹ ላይ ግን አይገናኙም። ሐረሪው አስማዲን በሪ የሚለውን አማርኛ ተናጋሪው ሸዋ በር ይለዋል፤ በድሮ በሪ ቡዳ በር፣ ሱቁጣጥ በሪ ሰንጋ በር፣ አርጎብ በሪ ኤረር በር፣ አሱም በሪ ፈላና በር ይባላሉ፤ በዚህ ላይ የዓረብኛ ስም ይጨመራል። አዲስ የመጣ እንግዳ በአንዱ ስም ጠይቆ በሌላው ስም ሲመለስለት፣ በማግሥቱም አንድ ሼኽ ሦስተኛውን ሲነግሩት፣ ግንቡ ዐሥራ አምስት በር ያለው መስሎት ከአንዱ ሰማያዊ አሮጌ ፔጆ ታክሲ ገብቶ «ሁሉንም አሳየኝ» ያለ እንደ ሆነ፣ ሾፌሩ ደስታውን አይችለውም።

ከእነዚህ ስሞች መካከል እኔን የሚያስቀኝ ሰንጋ በር ነው። በዚያ በኩል ቤት ያለው ሰው «በሬ በበሬ ገባ» ብሎ ለወዳጁ ቢጽፍ፣ የመጀመሪያው በሬ ባለቀንድ፣ ሁለተኛው በሬ ባለመዝጊያ መሆኑን የሚያውቀው ጮክ ብሎ ያነበበ ብቻ ነው፤ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን በአንድ መልክ ይጽፋልና። የሚያሳዝነኝ ደግሞ ቡዳ በር ነው፤ በዚያ የሚገባና የሚወጣ ሰው በሰላም ውሎ በሰላም ሲያድር ስለማይ፣ ስሙን ያወጣለት ሰው የተጣላው ከበሩ ጋር ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር ይመስለኛል። ከዓረብኛዎቹ ስሞች አንዱ ባብ አል ሰላም ነው፤ የሰላም በር ማለት ነው። ከግንቡ ውስጥ በፈረስ መጋላ አደባባይ ያለው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ምእመን ደግሞ ደጀ ሰላም ይላል። እንግዲህ ሰላም በሁለቱም ወገን መግቢያ ተበጅቶላታል፤ ነገር ግን አንዱ ወገን በበር ሲያስገባት፣ ሌላው ከቅዳሴ በኋላ ካህናትና ምእመናን ተቀምጠው የተገኘውን በሚቀምሱበት፣ የሰነበተውንም ወሬ በሚጨዋወቱበት በደጁ ያስቀምጣታል።

በር የቁልፍ ነገር ለመሆኑ የሐረር ታሪክ ይመሰክራል። በ1847 ዓ.ም. የእንግሊዝ የጦር መኰንን ሪቻርድ በርተን፣ ስሙ ራሱ በበር የሚጀምረው ያ ሰው፣ ከዘይላ ተነሥቶ ሐረር ሲደርስ የሆነውን በመጽሐፉ ተርኮታል። በሮቹ ቀን በዘበኛ ይጠበቃሉ፤ ሲመሽ መክፈቻዎቹ ለአሚሩ ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ድረስ ከከተማው የሚወጣ የለም። በርተንም ለበር ጠባቂው ከኤደን እንደ መጣና አሚሩን ማየት እንደሚፈልግ ከነገረው በኋላ፣ መልስ እስኪመጣለት ድረስ ከግንቡ ክብ ማማ ሥር ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጦ፣ የመጣው የሄደው ሁሉ እየተመለከተ ሲሥቅበት ቆየ። መካን ያህል ስፍራ ልብስ ለውጦ የገባ ሰው ነበርና፣ ይህች ግማሽ ሰዓት በመጽሐፍ የምትጻፍ መከራ ሆና ታየችው። ግማሽ ሰዓት! የአማራው አገር ባለጉዳይ ይህን ቢሰማ፣ ግማሽ ሰዓት የቆየውን ሰው ጠበቀ አይለውም፤ ሲያልፍ ታየ ይለዋል። እንግሊዙ ያያት ሐረርን በበሯ በኩል ስለ ነበረ፣ ከማማው ሥር የተቀመጠባት መሬት የራሷ ስም እንዳላት ማን ይንገረው? ደጅ ትባላለች። በሩ ከተከፈተለትም በኋላ ነገሩ አላበቃም፤ ዐሥር ቀን ያህል በከተማው ቆይቶ፣ ለመግባት የለመነውን ያህል የመውጫ ፈቃድ ለማግኘት አሚር አሕመድን መለመን ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ መክፈቻው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። በ1868 ዓ.ም. ግብፃውያን ያዙት፤ በ1877 ዓ.ም. ትተውት ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ተረከቡት፤ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በ1879 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ገቡበት። ንጉሡም ባላምባራስ የነበሩትን መኰንን ወልደ ሚካኤልን ደጃዝማች ብለው የሐረር ገዢ አደረጓቸው። እንግዲህ አንባቢ ከዚህ ላይ ቆም ይበልልኝ። በሯን የምታውቅ ከተማ ደጅ ከሚለው ቃል ጋር በመንግሥት ደረጃ የተዋወቀችው በዚህ ሹመት ነው፤ ደጃዝማች ማለት በንጉሥ ደጅ የሚያዘምት፣ የደጁ አዝማች ነውና። አማርኛ የበር አዝማች የሚባል መዓርግ አያውቅም። በበር ላይ የሚሾመው በረኛ ነው፤ እርሱም ወይ ዱላ ይዞ ከብርድ ጋር የሚታገል፣ ወይም በእግር ኳስ ሜዳ ጎል ሲገባበት የሚሰደብ ሰው ነው። በአንድ መግቢያ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው አንዱ በበሩ፣ ሌላው በደጁ ቢጠራ፣ የፊተኛው ደመወዝ፣ የኋለኛው ጎፈር ያገኛል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ለዚህ ችግር ያገኘችው መድኃኒት ወደ ግእዝ መሸሽ ነው፤ በረኛ ማለት ለማዕረገ ክህነት ስለማይመጥን ዐፃዌ ኆኅት ትለዋለች፤ ሥራው ያው መዝጋትና መክፈት ነው።

ደጅ እንዲህ የከበረበት ምክንያት፣ በዚህ አገር መንግሥት ለብዙ ዘመን የሚገኘው በደጅ ስለ ነበረ ነው። ሹመት የሚፈልግ መኰንን፣ ርስቱ የተነጠቀ ባላገር፣ ልጁ የታሰረበት አባት፣ ስንቁን አስጭኖ መጥቶ ከጌታው ደጅ ላይ አደግድጎ ይቆማል፤ ጌታው በበቅሎ ሲወጡ እጅ ይነሣል፣ ሲገቡ እጅ ይነሣል፣ እልፍኝ አስከልካዩን ይለማመጣል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ፀሐይ ያጠወልገዋል፣ የጌታው ዐይን አንድ ቀን በእርሱ ላይ ያርፍ እንደ ሆነ ብሎ ከክረምት እስከ በጋ ይሰነብታል። ጌታውም የቆመውን ሰው አያዩትም ማለት አይደለም፤ ያዩታል፣ ይመዝኑታል፣ ስንት ቀን እንደሚታገሥ ይፈትኑታል፤ ትዕግሥቱ ካለቀ ታማኝ አልነበረም፣ ካላለቀ ደግሞ ጥቂት ቢቆይ አይጎዳም። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ጥናት ጥናት ሲባል ስሰማ፣ በዚህ አገር ጥናት የተጀመረው በደጅ መሆኑን፣ ትምህርቱም ከዶክትሬት ይልቅ የሚረዝም፣ መመረቂያው ሹመት፣ የወደቀበትም እንደገና ከመጀመሪያው የሚማርበት እንደ ነበረ ማስታወስ የሚገባ ይመስለኛል። የቆሎ ተማሪ እንኳ ኮቾሮውን ሲለምን «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው በሰው ደጅ ቆሞ ነው፤ በሩን አያንኳኳም። በር ማንኳኳት መብት ላለው ነው፤ ደጅ መቆም ግን ተስፋ ላለው ሁሉ ተፈቅዷል።

ግእዝ ራሱ መግቢያን በሁለት ስም በመጥራት ከአማርኛ ይብሳል። ኆኅት አለው፣ አንቀጽም አለው፤ ሁለቱም መግቢያን ያመለክታሉ፤ ሊቃውንቱም እመቤታችንን ነቢዩ ሕዝቅኤል ባያት በተዘጋችው የምሥራቅ ኆኅት ሲመስሏት፣ አንቀጸ ብርሃንም ሲሏት ኖረዋል። ይህ አንቀጽ የተባለው የከበረ ቃል በኋላ ከቤተ መቅደስ ወጥቶ ሁለት ሥራ ያዘ። አንደኛው የሕግ ሥራ ነው፤ ከፍርድ ቤት ገብቶ «በአንቀጽ እንዲህ ተከልክለሃል» የተባለ ሰው፣ በግእዙ ካሰቡት፣ በአንድ በር በኩል ሌላ በር ተዘግቶበታል። ሁለተኛው የሰዋስው ሥራ ነው፤ ዐረፍተ ነገርን የሚዘጋውን ግሥ ማሰሪያ አንቀጽ አሉት። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በሩን ከመጨረሻው ላይ ስላበጀ፣ እንደ እኔ ያለ ነገር የሚያስረዝም ጸሐፊ የገጠመው አንባቢ፣ ባለቤቱን ከላይ ካየ በኋላ፣ ተሳቢውን አልፎ፣ ቅጽሉን ተሻግሮ፣ በሰረዝና በድርብ ሰረዝ ሥር እየተጠለለ፣ ማሰሪያ አንቀጹ እስኪከፈትለት ድረስ ደጅ ይጠናል።

ወደ ጀጎል እንመለስ። የሐረርጌ ኦሮሞ ገበሬ በእነዚሁ በሮች አልፎ ለገበያ ሲገባ በሩን ባልባላ ይለዋል፤ ያው ባልባላ የሚለው ቃል የዘር ሐረግንም ስለሚያመለክት፣ ሰው የማን ልጅ መሆኑን የሚናገረው ከየትኛው በር እንደ ወጣ በመናገር ነው። ይህ ለእኔ ከሁሉ የሚያምር አነጋገር ነው። ሐረሪው ደግሞ ደጁን ከሌላው አገር ሰው ሁሉ በተለየ መንገድ አኑሮታል። በጎንደርም ሆነ በሸዋ ገጠር ደጅ ከበሩ ውጭ ነው፤ ሰፊ ነው፣ እህል ይሰጣበታል፣ ጥጃ ይታሰርበታል፣ መንገደኛ ይቀመጥበታል። በጀጎል ግን መንገዱ ሁለት ሰው ትከሻውን ሳያዞር የማይተላለፍበት ጠባብ፣ ግራ ቀኙ በኖራ የተለሰነ ግንብ ስለሆነ፣ ከመንገድ ላይ የሚታየው በር ብቻ ነው። ደጅ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ በሩ ሲከፈትለት ያገኘዋል፤ ከውስጥ ነው። ጥቂት ቤቶች የሚጋሩት አደባባይ ከበሩ ወዲያ ተዘርግቶ፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ቡና ይለቀምበታል፣ ሴቶች ይጨዋወቱበታል። እንግሊዙ ከውጭ ሆኖ የጠበቀው በእኛ ደጅ ነበር ማለት ነው፤ የሐረሪውን ደጅ ግን ዘግተውበት ነበር።

የሐረሪን ቤት በር ከውስጥ ያየ ሰው ከበላዩ ምንጣፍ ተጠቅሎ የሚቀመጥበትን እንጨት ያገኛል፤ የምንጣፉ ጥቅል በቤቱ ያሉትን ለጋብቻ የደረሱ ልጃገረዶች ያስታውቃል እየተባለ ይነገራል። ይህ እውነት ከሆነ፣ ሽማግሌ የሚልክ ጎልማሳ ደጅ የሚጠናው በጭፍኑ አይደለም፤ ገና ሲገባ ዐይኑን ወደ ላይ አንሥቶ ተስፋውን ይቆጥራል።

በሮቹን ሁሉ አልፎ ደጅ የማይጠና አንድ የሐረር ነዋሪ ደግሞ አለ፤ ጅብ ነው። ሐረሪዎች ወራባ ይሉታል። አሚሩ መክፈቻውን ትራሳቸው ሥር አድርገው በሚያድሩበት ዘመን እንኳ፣ በግንቡ ሥር ለወራባ ብቻ የተተዉ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ዛሬም ይታያሉ። በእነዚያ ይገባል፣ የከተማውን ጥራጊ ያነሣል፣ ሳይነጋ ይወጣል። በዐሹራ ቀን ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርብለታል፤ አበላሉም የዓመቱን ዕድል ይናገራል ተብሎ ይጠበቃል። ደጃዝማቾች ያልተከበሩትን ያህል የተከበረ እንስሳ ነው፤ ሰው ለጅብ ደጅ የጠናበት ከተማ ሐረር ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በ1998 ዓ.ም. ጀጎል በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጻፍ፣ 82 መስጊዶቹና 102 የቅዱሳን መቃብሮቹ ተቆጥረዋል፤ በሮቹም ግንቡም ቤቶቹም ተመዝግበዋል። ደጅን የመዘገበ ግን አላየሁም፤ ጫማ አውልቀው የሚገቡበትን የመስጊድ ደጅ፣ ከግንቡ ውጭ ከሸዋ በር ፊት ለፊት ሴቶቹ አትክልትና ጫት ዘርግተው የሚውሉበትን መሬት፣ በመኪና ግርግር መንገድ ልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀራቸውን አውጥተው የሚያሽከረክሩበትን የሱቅ ደጃፍ ማን ይመዝግበው? መለኪያ የለውም። በር ሜትር አለው፤ ደጅ እንደ ባለቤቱ ልብ ይሰፋል፣ ይጠባል።

እንዳይመዘገብ ሆኖ የቀረው ደጅ አሁን ከነጭራሹ ሊጠፋ ነው። በአዲስ አበባም በሌሎችም ከተሞች የሚሠሩት ባለብዙ ፎቅ ቤቶች በር አላቸው፤ ያውም የብረት፣ ያውም ባለሦስት ቁልፍ፤ ደጅ ግን የላቸውም። ከበሩ የወጣ ሰው ራሱን የሚያገኘው ከሌላ ሰው በር ፊት ነው። በርበሬ የት ይሰጣ? ሬሳ የወጣበት ቤት ድንኳኑን የት ይጣል? አንድ ወዳጄ ከግቢ ቤት ወደ አራተኛ ፎቅ ከገባ ወዲህ፣ ማታ ማታ ከሚስቱ ጋር ሲጋጭ እንደ ድሮው «ደጅ ወጣ ብዬ ልምጣ» ለማለት ስላልተቻለው፣ ነገሩን እዚያው ከቤት ለመጨረስ መገደዱንና ይህም ለትዳሩ እንደ ጠቀመው ነግሮኛል፤ እኔ ግን ሚስቱን ሳልጠይቅ አላምነውም።

መሥሪያ ቤቶቻችን ደግሞ ተቃራኒውን ሠርተዋል። ደጁን አፍርሰው ደጅ ጥናቱን ግን አቆይተውታል። ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ አለ፤ በሩ መስተዋት ነው፣ «ሳያንኳኩ አይግቡ» የሚል ተለጥፎበታል፣ ቢያንኳኩም አይከፈትም፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። የድሮው ባለጉዳይ ቢያንስ ዛፍ ነበረው፤ በቅሎዋ ስትጫን አይቶ ጌታው ሊወጡ መሆኑን ያውቅ ነበር። የዛሬው ባለጉዳይ በጠባብ መተላለፊያ ግድግዳ ተደግፎ፣ ያለፈ ያገደመው እግሩን እየረገጠው፣ የኃላፊው መኪና ከምድር ቤት እንደሚወጣ ሳያውቅ፣ የሌሉትን ሰው ይጠብቃል። አደግድጎ መቆም ቀርቷል ይባላል፤ የቀረው ነጠላው ነው።

ስለዚህ ቤት የምትሠሩም፣ ቢሮ የምትመሩም ጌቶችና እመቤቶች ሆይ፣ በሩን እንደ ወደዳችሁት አድርጉት፤ ብረትም ይሁን መስተዋት፣ ክፈቱትም ዝጉትም፤ ቁልፉ የእናንተ ነው። በደጁ ላይ ግን ጥላ የሚሆን ነገር ትከሉ፤ አንድ ሁለት አግዳሚ ወንበርም አስቀምጡ።